የጠዋቱን ሦስት ሰዓት ሌሊት ያደረገው ኮምፒዩተር

ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበረው የወንጀል ችሎት
አምቦ

አመልካች፦ ወ/ሮ ሰሎሜ ገብረአማኑኤል፣ ጎጆ ከተማ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ የታሰረበትን መዝገብ የያዘው ኮምፒዩተር ሰዓቱ ሳይነካ እንዲመረመርልኝ ስለመጠየቅ

1. ባለቤቴ ሮብሳን ዓብዲሳ እዚያው ጎጆ በአንድ የድንች ዘር ማኅበር የመጋዘን ሠራተኛ ነው። የመጋዘኑና የቢሮው በር በካርድ ይከፈታል፤ ማን መቼ እንደገባ ኮምፒዩተር ይመዘግባል። ዘሩ ሌሊት ተሰረቀ። ጠዋት የመጋዘኑን በር ከፍቶ መሰረቁን ያየው፣ ጮሆ ሰው የጠራውም እርሱ ነው። መዝገቡ ላይ ግን ካርዱ በሩን የከፈተው «03:12» ላይ ነው ይላል። መርማሪዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ቆጥረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው አሉና አሰሩት።

2. ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያ ሰዓት ፀሐይ የወጣበት የእኛው የጠዋት ሦስት ሰዓት ነው! ኮምፒዩተር ሲጠፋ ጊዜውን የሚጠብቅለት ውስጡ ያለ ትንሽ ሰዓት ነው፤ ሲበራም የሚያምነው እርሱን ነው። የዚህኛው ኮምፒዩተር ግን ያን ሰዓት የሚያስኬደው ባትሪ ሞቷል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚጠፋ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ኦቦ ለሊሳ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ በእኛ አቆጣጠር ይሞሉታል። እኔው ቢሮው ሄጄ በጠራራ ፀሐይ ኮምፒዩተሩ ላይ ሌሊት የሚል ቁጥር አይቼ ብደነግጥ፣ ሦስት ሰዓት ስለሆነ ነዋ ብለው ሳቁብኝ። እኔስ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ?

3. በዚያ መዝገብ ከሄድን የማኅበሩ ሠራተኛ በሙሉ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሥራ ገብቶ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ይታሰሩ እንጂ ሮብሳን ብቻውን ለምን?

4. ማኅበሩ ነገ አዲስ ባትሪ ሊያስገባና ፕሮግራሙን እንደገና ሊጭን ነው። ተንኮል ነው አልልም። ከተነካ በኋላ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብኛል።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ዛሬውኑ ታሽጎ እንዲያዝ፣ የውስጥ ሰዓቱና ባትሪው በገለልተኛ ባለሙያ እንዲታይ፣ ውጤቱ እስኪታወቅም ባለቤቴ በዋስ እንዲወጣ ትዕዛዝ ይሰጥልኝ ዘንድ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ያን ሌሊት ልጃችን ሴና አተኩሷት ሮብሳን አቅፏት ነው ያነጋው። ይህን ለመርማሪው ብናገር፣ የሚስት ቃል ምን ይታመናል ተባልሁ። የእኔ ካልታመነ፣ የታመነው ኮምፒዩተር ይጠየቅልኝ።

በፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ትዕዛዙን እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ሰሎሜ ገብረአማኑኤል
(ፊርማ)