ሦስት ለባዶ ከሙላት አፍ

እሁድ፣ የካቲት 8

ዛሬ ተበቀልኩ።

ትልቁ አሰልጣኛችን ከሄደ ወዲህ፣ አሥር ዓመት ሙሉ የምደግፈው የእግር ኳስ ክለብ መሳቂያ ነበር፤ እኔም አብሬው። ከሁሉ የከፋው ጎረቤቴ ሙላት ነው። አባቴ በሞቱ በሦስተኛው ቀን ድንኳን ገብቶ፣ የሚያጽናናኝ መስሎ ጎንበስ አለና «አራት ገባባችሁ» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። እንባዬ ገና አልደረቀም ነበር።

ዛሬ የእሱን ክለብ ሦስት ለባዶ ገረፍነው። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ሙላት ጨዋታውን በቴሌቪዥን ካየንበት ኳስ ቤት ሹልክ ሊል ተነሳ። ቀድሜው በሩ ላይ ቆምኩ።

«ስንት ለስንት አለቀ?» አልኩት።

«አይተኸው የለም እንዴ! አሳልፈኝ።»

«ካንተ አፍ ልስማው።»

«ሦስት ለባዶ።»

«ከኋላ ላሉት አልተሰማም፤ ድገመው።»

ጮኾ ደገመው። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ያኔ ጠጋ ብሎ «ይህ ሁሉ ስለ አባትህ ለቅሶ ነው አይደል? አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለኝ በጆሮዬ።

ሲያቆስለኝም በጆሮዬ፣ ሲክሰኝም በጆሮዬ! በሩን ለቀቅኩለት እንጂ ይቅር አላልኩትም። አርብ ገበያ ላይ፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ያኔ አስብበታለሁ።