ልጁ ቁልፍ አለ እንጂ አምስት አላለም

ለተከበሩ የመዋዕለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርት፣
ባሉበት።

ክብርት ሆይ፣

ለአንድ ትንሽ ልጅ በልደቱ ቀን ስንት ስጦታ ይበቃዋል? ልጅ ያለው፣ የእህት ልጅ ያለው፣ የጎረቤት ልጅ የለመደበት ሰው ሁሉ የሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ይህን ጥያቄ ራሱን ሳይጠይቅ አልቀረም። አንድ ብቻ ብንሰጥ ንፉግ እንባላለን፣ ሦስት ብንሰጥ እናሞላቅቀዋለን እያልን ስንባዝን ኖረናል። እርስዎ ግን፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎና፣ ከዚህ የሰው ልጅ ጭንቀት በአንድ መስመር ገላገሉን። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ማኅተም የሚመታው ቀኝ እጅዎ ደህና ነው? እኛ፣ መመሪያዎን ዋናው በር ላይ ተለጥፎ ካነበብንበት ጠዋት በስተቀር፣ በጣም ደህና ነን።

ራሴን ላስተዋውቅ። በትምህርት ቤትዎ የሚማረው፣ ቤታችን ውስጥ ሁላችንንም ስለሚያዝ «አለቃ» እያልን የምንጠራው ልጅ አክስት ነኝ። ባለፈው ክረምት በሥራ አመራር ተመርቄ፣ የምመራው ሥራ እስኪገኝ ድረስ እህቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ጊዜ አለኝ፤ ጉልበት አለኝ፤ ሐሳብማ ሞልቶኝ ተርፏል። ይህን የምጽፍልዎ ልጁ በመጪው ዓርብ አምስት ዓመት ስለሚሞላው፣ የሚፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ያንን አንድ ነገር ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ሊሰጡት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው። ምን እንደሆነ ቆየት ብዬ እነግርዎታለሁ፤ እኛም ብንሆን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

መመሪያውን ላላዩ፣ ይህን ደብዳቤ በወላጆች ሰሌዳ ላይ ለሚያነቡ ወላጆች ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ «የልደት ስጦታ ብዛት ከልጁ ዕድሜ ጋር እኩል ይሁን፤ አይነስ፣ አይብለጥ፤ ስጦታውም በልደቱ ቀን ክፍል ውስጥ በልጆች ፊት ይከፈት።» እነሆ በ«አይነስ» እና በ«አይብለጥ» መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ቤተሰባችን በሙሉ በአንድ እግሩ ቆሟል።

መመሪያው ለምን እንደወጣ አውቃለሁ፤ አልክድም። የአንዱ ልጅ ስጦታ በመኪና ተጭኖ በመጣበት ሳምንት፣ አንዲት ልጅ አንድ የሥዕል ደብተር ብቻ ይዛ መጥታ ተሳቀባት። ያ እንዳይደገም ብለው መነሳትዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ይህን ስል አላሾፍኩም። ማሾፍ የምጀምረው ከዚህ በታች ነው።

አንደኛ፤ ስለ ስሌቱ። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በመመሪያዎ መሠረት ባለፈው ልደቴ ሃያ ሦስት ስጦታ ይገባኝ ነበር። የደረሰኝ ግን አንድ «እንኳን ተወለድሽ» እና አንድ «ታዲያ ሥራ አላገኘሽም?» ነው። ቀሪው ሃያ አንድ ከየትኛው ቢሮ እንደሚጠየቅ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብለው ሲተርቱም፣ ነገሩ በየዓመቱ አንድ እየተጨመረበት እንደሚሄድ ያሰቡበት አይመስለኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ እኩልነቱ። ቁጥሩ እኩል ሆነ፤ ሰው ግን መላ አያጣም። በአለቃ ክፍል የምትማር፣ አራት ዓመት የሞላት ልጅ እናት አንድ የባለቀለም እርሳስ ፓኮ ፈታ፣ ቀዩን ለብቻ፣ ሰማያዊውን ለብቻ፣ አረንጓዴውንና ቢጫውንም ለየብቻ ጠቅልላ አራት አድርጋ ላከች። በዚያው ሳምንት የሌላ ልጅ አራት ስጦታ ሲመጣ፣ አንደኛውን ለማስገባት የክፍሉ በር ሁለተኛ ክንፍ መከፈት ነበረበት። አራት ከአራት ጋር እኩል መሆኑን እናንተም እኛም እናውቃለን። ልጆቹ ግን ቁጥሩን ትተው ዕቃውን አዩ፤ ምን ይደረግ፣ መመሪያ ማንበብ ገና አልጀመሩም።

ሦስተኛ፤ ስለ እኛ ቤት። እህቴ ልጇን ለልደትህ ምን ትፈልጋለህ ብላ ጠየቀችው። «ቁልፍ» አለ። በቃ፣ አንድ ቃል። አንድ ስጦታ ብቻ እንድንሰጥ ታዘን ቢሆን ኖሮ፣ እንዳንሳሳት ፈርተን የምን ቁልፍ ብለን ደግመን እንጠይቀው ነበር። አምስት ሲታዘዝ ግን ማን ይጠይቃል? አንዱ ቢስት ሌላው ያገኘዋል ብለን በየፊናችን ተሰማራን።

አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ለእሱ ቁልፍ ማለት የሚቆለፍበት ነገር ነው። ለመጋዘን በር የሚበቃ ጓጉንቸር ይዞ መጣ። መሥራቱን ለማረጋገጥም የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ሞከረው፤ መቆለፉንስ አሳምሮ ይቆልፋል። አከፋፈቱ ገና በጥናት ላይ ስለሆነ ስኳራችን እዚያው ውስጥ ነው። እህቴ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ለየትኛው ዕድሜ ምን እንደሚሰጥ ለሰው ስትነግር የምትውል ሴት ናት። ለራሷ ልጅ ግን ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን የተሠራ የፕላስቲክ ቁልፍ ከነማንጠልጠያው ገዛች። አያቱ በበኩላቸው፣ ልጁን ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ ስታለብሱት ከርማችሁ ይኸው አፍ አውጥቶ ተናገረ ብለው ሁላችንንም ከወቀሱ በኋላ፣ ከአንገት እስከ ጉልበት ቁልፍ የተደረደረበት ሹራብ ሠሩለት። ጠዋት መቆለፍ የጀመሩት እንደሆነ ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል። የተማርኩት እኔ ደግሞ ሁሉንም ለመብለጥ ብዬ፣ ከጥገና ቤት የተጣለ የኮምፒዩተር ኪቦርድ ለምኜ አጸዳሁ። በአንድ ስጦታ ከመቶ የማያንስ ቁልፍ! አመራር ማለት ይህ ነው እያልኩ ሰነበትኩ።

አራት ሆነ። አምስተኛው ከየት ይምጣ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ካልሲ ገዛን። ካልሲ ከቁልፍ ጋር ምን እንደሚያዛምደው አይጠይቁን፤ ዝምድናው ከ«አይነስ» ጋር ነው። ሆኖም ካልሲ ጥንድ ስለሆነ በዚያው «አይብለጥ»ን እንዳንጥስ ሰጋን። ወደ ቢሮዎ ስልክ መታሁ፤ ጸሐፊዎም መስመር ላይ አቆይተውኝ ከማን ጋር እንደሆነ ባላውቅም ብዙ ተመካክረው፣ ጥንድ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ነገር ግን የሁለቱም እግር ቀለም አንድ ዓይነት መሆን አለበት ሲሉ መለሱልኝ። ብስለት ለተሞላበት ለዚህ ውሳኔ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ቀጥሎ አራተኛ ልል ነበር፤ ይህኛው ግን በቁጥር የሚነገር አልሆነልኝም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የልጁ አስተማሪ እህቴን በር ላይ ጠርተው፣ ልጅሽ በእረፍት ሰዓት ከልጆች ጋር አይጫወትም፣ ለብቻው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል ብለው ነገሯት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ፣ ምግብ ሲተው የገፋው ሰው አለ ትላለች፤ ዝም ሲል ይኸው አላልኳችሁም ትላለች። አባቱ ከየመንገዱ እየደወለ ዛሬ ሳቀ ወይ ብሎ መጠየቅ ለመደ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጓጉንቸሩም ሹራቡም ኪቦርዱም የመጡት ከዚህ ጭንቀት ነው። በዕቃ ብዛት ልናስቀው ነበር ያሰብነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስጦታዎቹን መሬት ላይ ዘርግቼ ስጠቀልል፣ አለቃ ድምፁን አጥፍቶ መጥቶ ኖሮ ከጀርባዬ ቆሞ አገኘሁት። አንድ በአንድ አያቸውና እንደ ትልቅ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ያን ጊዜ ነው አንዳችንም ያላሰብነውን ጥያቄ የጠየቅሁት፦ አንተ የፈለግኸው የቱን ቁልፍ ነበር?

«ትልቋ ቲቸር የምትጫነውን» አለኝ። «ስትጫነው ሁሉም ሰው የሚሮጠውን።»

ክብርት ሆይ፣ ያለ አንቱታ መጥራቱን ይቅር ይበሉት። ልጁ የሚፈልገው ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ያለችውን ቀይዋን የደወል ቁልፍ ነው። በእረፍት ሰዓት ለብቻው የሚቆመውም ጓደኛ አጥቶ፣ ወይም የገፋው ኖሮ አይደለም፤ የሚቆመው በመስኮትዎ ሥር ነው። ጣትዎ ቁልፏ ላይ የምታርፍባት ቅጽበት እንዳታመልጠው ይጠብቃል። እሱ ራሱ ቢጫናት ግቢው በሙሉ ይሰማው እንደሆነም ጠየቀኝ። ሮጬ ለእህቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ዛሬ ለምን አልጠየቅሽውም ብላ እኔን ተቆጣችኝ። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም፤ አስተማሪውም አልጠየቁትም፤ እርስዎም በመስኮትዎ በኩል ሲያዩት ከርመው አልጠየቁትም። ስንት የሚለውን ስንቆጥር፣ የቱ የሚለው ከእጃችን ወደቀ።

አራተኛ፤ ስለ ሰኞ ጠዋት። ይህንኑ ይዤ ቢሮዎ ቀረብኩ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና አስረዱኝ፦ ደወሉ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ስጦታ ማለት ደግሞ ተጠቅልሎ የሚመጣና ወደ ቤት የሚወሰድ ነገር ነው፤ ደግሞስ ተፈቀደ ቢባል እንኳ ደወል መጫን አንድ ብቻ ስለሆነ አራት ይጎድለዋል። የመጨረሻዋን ስሰማ የምቀመጥበት ወንበር ጠየቅሁ፤ ወንበር ስለሰጡኝ አሁንም አመሰግናለሁ።

ስለዚህ፣ ማንም ባይጠይቀኝም፣ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ልደቱ የደረሰ ልጅ ሁሉ በዚያ ቀን የእረፍቱን ደወል አንድ ጊዜ ይጫን። ወጪ የለበትም፤ መጠቅለያ አይፈልግም፤ የአንዱ ከሌላው አይበልጥም አያንስም፤ የሾፌር ልጅም የባለመኪና ልጅም የሚጫኑት ያችኑ ቀይ ቁልፍ ነው። የሥዕል ደብተር ይዛ የመጣችው ልጅም በተራዋ ትጫናለች፤ ስትጫን የሚስቅባት የለም፣ ሁሉም ለመውጣት ይሮጣልና። እርስዎ በቁጥር ሲፈልጉት የነበረው እኩልነት እዚያው ከመቀመጫዎ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነበር። በየቤቱ የሚሰጠውን ስጦታ ደግሞ ለየቤቱ ይተዉልን። አንድ ይሁን ሁለት የቸገረው ወላጅ ጎንበስ ብሎ ልጁን ይጠይቅ፤ መልሱ ካልገባው ሁለተኛ ይጠይቅ።

ዓርብ ሩቅ አይደለም። እህቴ ተረኛነቷን ከባልደረባዋ ጋር ተለዋውጣለች፤ አባቱ ጭነቱን ሐሙስ አራግፎ እንደሚደርስ ምሏል፤ አያቱም መጥቼ ካልሰማሁ ብለዋል። ሁላችንም ከአጥሩ ውጭ ቆመን እናዳምጣለን። ልጁን ይሆንልሃል አላልኩትም፤ አይሆንም ማለትም አቃተኝ። ትልቋን ቲቸር እጠይቅልሃለሁ ነው ያልኩት። ይኸው ጠየቅሁ።

መልስዎን በወላጆች ሰሌዳ ላይ፣ ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ ቢለጥፉልን ሁላችንም እናነበዋለን። እናንተም ወላጆች፣ ዛሬ ልጃችሁን አንድ ነገር ብቻ ቢሰጥህ፣ አንድ ነገር ብቻ ቢሰጥሽ ምን ይሁን ብላችሁ ጠይቁና የመለሰላችሁን እዚሁ ግርጌ ላይ ጻፉ። እስክሪብቶ በክር አስሬ ትቼላችኋለሁ።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለስብሰባዎ ማብቂያን ከልብ የምመኝ፣
በትሕትና አንገቴን እንጂ ብዕሬን ያልደፋሁ፣
ታዛዥዎ
የአለቃ አክስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጁን የትልቋ ቲቸር ሥራ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄው ነበር። «ቁልፍ መጫን» አለ። ሌላስ ስለው ብዙ ካሰበ በኋላ «ሌላ የላትም» አለኝ። ስሕተት መሆኑን ላስረዳው ፈልጌ ምሳሌ አጣሁ። አንድ ሁለት ምሳሌ ቢልኩልኝ፣ እስከ ዓርብ አስጠናዋለሁ።