ነገ ወገቤ ውስጥ የሚገባው ሽቦ

እማዬ፣

ነገሬ የተበላሸው ልጄን በወለድሁ ሰዓት ነው። ጭንቅላቱ ሲወጣ እስከ ኋላ ተቀደድሁ፤ የሰፋችኝ አዋላጅ በራሱ ይድናል አለችኝ። አልዳነም። ሰገራዬ ሳላውቀው ያመልጠኝ ጀመር። አንቺ "የአራስ ነገር ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪ" አልሽኝ፤ እኔም እሺ አልሁ።

ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ባሌ አምባ ጊዮርጊስ ላይ፣ በሽማግሌዎች ፊት "ትሸታለች" ብሎ ፈታኝ። ልጄን ይዤ ጎንደር፣ ያንቺው ቤት ገብቻለሁ። ልጁ ይሮጣል። እኔ ሳስተምር ከክፍሉ በር አልርቅም።

የሞትሽ ዕለት ሴቶቹ ሲያጥቡሽ ያየሁትን ልንገርሽ፦ ከቀሚስሽ ሥር ተደራርቦ የታሰረ ጨርቅ። ያን ጊዜ ገባኝ። ቅዳሴውን ሁሉ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመሽ የምትሰሚው፣ "ጉልበቴ ነው" የምትዪን፣ ጉልበትሽ አልነበረም። እኔን ስትወልጂ ይሆን የተጎዳሽው? ምነው እማዬ፣ ምነው ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ ቀረሽ?

ነገ ጠዋት ሐኪሟ ቀጭን ሽቦ ከወገቤ ግርጌ ታስገባለች። ሽቦው በትንሽ ባትሪ ነርቩን እየነካካ፣ የሰነፈውን ጡንቻ ይቀሰቅሰዋል ብላኛለች። መጀመሪያ ሙከራ ነው፤ ከረዳኝ ባትሪውን ከቆዳዬ ሥር ይቀብሩታል። እህትሽ እትዬ ስንዱ ይህን ሰምታ "እንግዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ልትለቂው ነው?" አለችኝ። ስቄ ስቄ ወደ ሽንት ቤት ሮጥሁ፤ አልደረስሁም።

እፈራለሁ እማዬ። ነቅቼ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ገላዬን ለማላውቃቸው ሰዎች ገልጬ፣ የት እንደነዘረኝ መናገር አለብኝ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሽቦው ለጥቂት ቀን ሠርቶ፣ ንጹሕ ሆኖ መዋልን አስለምዶኝ ቢከዳኝ ነው። ያን ጊዜ የምሆነውን አላውቅም።

ብትኖሪ እጄን ትይዥልኝ ነበር። ደግሞም "ተዪ ይቅርብሽ፣ ሰው ይሰማል" ትዪኝ ነበር፤ አውቅሻለሁ።

ሸጋ እናት ነበርሽ። እስክሞት አልረሳሽም፤ ብቻሽን የተሸከምሽውንም አልረሳም። ግን ስሚኝ፦ የሚያፍረው እኔን በአደባባይ ያዋረደ ይሁን። ሽቦው ሠራም ከዳኝም፣ ወልጄ በተጎዳው ገላዬ እፈሪ መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም። ካንቺም ቢሆን።

ልጅሽ