የሶር ወንዝ በአቡጀዲ ላይ

ግንቦት ፬፣ ከቀኑ ፲ ሰዓት
ሰማያዊው ጥብጣብ አልበቃም። ካሮጌ ቀሚሴ ጠርዝ ቆርጬ ቀጠልኩበት። ደብተሬ፣ ሶርን አቡጀዲ ላይ እየሰፋሁ ነው። የጎን ክፍሌን የተከራየው መቶ አለቃ ታደለ ለወታደሮቹ የጦር ጨዋታ ያዘጋጃል፤ ድልድዩ ፈርሷል ተብሎ ወንዝ መሻገር። የጥይት ቀለህ የሱ ሰዎች፣ ባቄላ ጠላት፣ የካፖርት ቁልፍ የሬዲዮ መኪና። ደንቡን እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጽሑፍሽ ያምራል ሳይሆን ጽሑፍዎ ያምራል አለኝ። እዚህ ቤት የሰው ድምፅ ከተሰማ ስንት ዘመኑ።

ግንቦት ፮፣ ጠዋት
አንድ ዙር እንደ አንድ ሰዓት ይቆጠራል። ጉሙ፣ መትረየሱ፣ ጀልባው፣ ሁሉም ተጽፏል። ወንዙ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያው ጥብጣብ። ውሃው አይሞላም ወይ አልኩት። ሳቀ።
«እትዬ ዘነበች፣ ሰማዩ ጠርቶ ወንዝ ከየት ይሞላል?»
እዚህ ባይዘንብ ላይ አገር ይዘንባል አልኩ።
«እንግዲያው ጄኔራል እናድርግዎታ!»
እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ብዙ ቆየሁ።

ግንቦት ፯
ጨዋታው ቅዳሜ ነው። ሰኞ ግን እውነተኛው፤ ሠላሳ ልጆች በእግራቸው ሶርን ይሻገራሉ። ዛሬ ነው የነገረኝ። ደንቡ ወንዙ መሀል ስላለው ድንጋይ «ነጩ ድንጋይ ከታየ ይሻገራል» ይላል፤ ውሃው ጎድሏል ማለት ነው። በኔ እጅ ጽሑፍ። እጄ እንዴት ታዘዘኝ?

ግንቦት ፰
ደብተሬ፣ ላንተም ነግሬህ አላውቅም። በጣሊያን ጊዜ ባሌ በቀለ ማዶ ጫካ ነበር። ምልክታችን ነጠላዬ፤ ቁጥቋጦ ላይ ከተሰጣ መንገዱም ወንዙም ደህና ነው ማለት። ያን ቀን ነጩ ድንጋይ ይታይ ነበር። ግን አረፋና የቡና ቅጠል በውሃው ላይ ይወርድ ነበር። ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ እንስራዋን ይዛ ሸሸች፤ «ቢሻን ዱፋ ጅራ!» አለችኝ፣ ውሃው እየመጣ ነው። ሰማሁ። ቅጠሉንም አየሁ። በቀለን ግን አራት ወር ሳላየው ቆይቼ ነበር። ነጠላዬን ሰጣሁ።
ወገቡ ድረስ ገብቶ እጁን አነሳልኝ። ከዚያ የጎርፉ ድምፅ።
አገሩ ሁሉ ጠላት በላው ብሎ አለቀሰልኝ። ዝም አልኩ።

ግንቦት ፱፣ ዓርብ
ለመቶ አለቃው ስለ ቅጠሉ ነገርኩት። አሁን አልሳቀም። እንዴት ያውቃሉ አለ። አንብቤ ነው አልኩ።
«መጽሐፉን ያሳዩኝ፣ ደንቡ ውስጥ እናስገባዋለን።»
መጽሐፍ የለም። ሌላ ጊዜ አልኩት። እሺ ብሎ ወጣ። ፈሪ ነኝ።

ግንቦት ፲፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ፩ ሰዓት
ቀድሜው ተነሳሁ። ጥብጣቡ ላይ ሦስት የቡና ቅጠል ሰፋሁ። በደንቡ ወረቀት ላይ በቀይ፦ ቅጠል ከታየ ማንም አይግባ፣ የገባም ይመለስ። ያቺን ነጠላ ከሣጥን አወጣሁ። ብል በልቷታል።
በሩ ተከፈተ። ፊቱን እየታጠበ ነው። እንዴት ያውቃሉ ይለኛል። ከስሙ እጀምራለሁ። በቀለ ይባላል፣ ወንዙ እየሞላ መሆኑን እያወቅሁ ነጠላዬን… መቶ አለቃው መጣ።