ከሰሌኑ ሥር የተንበረከኩት ሽማግሌ

ይድረስ ለልጄ ለፔኒና፦

እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርሁትን ላንቺ ልናገር ነው። አባትሽ የሞተ ጊዜ ይቅርታ ሊለምኑ የመጡትን ሰዎች እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ያንበረከካቸው አጎትሽ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የክረምቱ ሳል ለቀቀሽ ወይ? በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ መጽሐፍ ላይ እንዳቀረቀርሽ ይመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ አሳማዎቹም ደህና ናቸው።

የሕግና የወንጀል ፍትሕ ትምህርትሽን ልትጨርሺ መሆኑን፣ ዐቃቤ ሕግ ሆነሽ እንድትሠሪ መጠየቅሽንም ስሰማ ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ። አክስትሽ ሌሌይ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው እየሰማ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ከነፔኒና አጥር የለቀምሁትን ኮኮናት ዛሬውኑ ልመልስ፤ ኋላ ይህች ልጅ እኔኑ ታስረኛለች!» ብላ ሁሉን አሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ወረቀትና እርሳስ ፈለግሁ። እሺ ካልሻቸው፣ ይህ ሰው ይታሰር፣ ይህኛው ይማር ብለሽ ለዳኛ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። በሥርሽ የሚሮጠው ደግሞ የኔ ደም ነው።

አባትሽን በመኪና የገጨው ላፋኤሌ ጠጥቶ እንደነበር ታውቂያለሽ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አባቱ፣ ሽማግሌው ማናሴ፣ ከነቤተ ዘመዳቸው መጡ። «ካሻችሁ ጠብሳችሁ ብሉን» ለማለት ማገዶና የምድጃ ድንጋይ ተሸክመው ደጃችን ተንበረከኩ። ሽማግሌው የቤታቸውን ምርጥ ሰሌን ራሳቸው ላይ ደረቡ፤ ይቅር ብለን እስክናነሳላቸው ሊጠብቁ።

አጎትሽ ቱኢአላ ወደ እኔ ገባና፣ «እህቴ፣ የሞተው ባልሽ ነው። እሺ ካላልሽኝ ሰሌኑን አላነሳም» አለኝ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን አንቺን እያጠባሁ በመጋረጃው ቀዳዳ አያቸው ነበር። ፀሐይዋ በረታች። አጎትሽ ተመልሶ፣ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ድንጋይ ዋጥሽ እንዴ? ሽማግሌው እየተንቀጠቀጡ እኮ ነው!» አለኝ። አይቻለሁ። ደስም ብሎኛል፣ ልጄ። የምፈራው ያንን ደስታ ነው።

ቀትር ላይ እሺ ስል ሰሌኑ ተነሳ፤ ሽማግሌው ግን አልተነሱም። በሰው ሸክም ሄዱ፣ ሳምንት ሳይሞላም አረፉ። መንደሩ አጎትሽን ጨካኝ እያለ ሲያማው ኖረ፤ እሱም ስሜን ሳያነሳ ሞተ። እኔም አፌን ዘግቼ ቀበርሁት።

ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል የቆጠርሁት ለምን ይመስልሻል? እንደኔ ያለውን ሰው ምን እንደሚሉት ከመጽሐፍ ልፈልግ ብዬ ነው። ትተሽልኝ የሄድሽውን አሮጌ የሕግ መጽሐፍም እየተንገዳገድሁ አነበብሁት። ለላፋኤሌ አንቀጽ አለው፤ ለኔ የለውም።

ጠበቃ ሁኚ፣ ወይም ከእስር የወጡትን እየተከታተልሽ ደግፊ ብዬ ልለምንሽ አስቤ ነበር። ግን ፍርሃቴን ባንቺ ላይ መጫን ይሆንብኛል። የፈቀድሽውን ያዢ። ብቻ፣ ሰው ፊትሽ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ደስ ካለሽ፣ በዚያው ቀን ሥራውን ልቀቂ።

ለአክስትሽ ልጅ ለሲዬኒ፣ ለባሏ ለፌሌቲ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ትንሿን ልጃቸውን ጉንጯን ሳሚልኝ። ሌሌይ ከነኮኮናቷ ሰላም ብላሻለች።

ላፋኤሌ እስሩን ከጨረሰ ቆይቷል። ዘንድሮ ለፍራፍሬ እርሻ ሥራ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ኦክላንድ ይሻገራል፤ ደብዳቤውን በሱ እጅ እልካለሁ። ፖስታውን አላሸግሁትም፤ አንብበህ ውሰድላት እለዋለሁ። ካነበበ በኋላ ባሕር ላይ ይጥለው፣ ደጄ ተመልሶ ይምጣብኝ፣ አላውቅም።

እናትሽ ቴሌሲያ
ሳቫይኢ፣ ሳሞአ፤ እሑድ፣ ጥቅምት 4 ቀን

ተቀባይ፦ መጀመሪያ ላፋኤሌ ማናሴ፤ እሱ ከፈቀደ፣ ልጄ ፔኒና።