ሞተሩን ዳግመኛ የሠሩት ወይዘሮ ዴሊያ ማክራይ (1947–2023)

ወይዘሮ ዴሊያ ማክራይ ከአባታቸው ከአቶ ሲልቪዮ ዞርዛንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢሬኔ ቦርቶሎቶ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1947 በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ ኢንግሃም፣ በወላጆቻቸው የሸንኮራ እርሻ ላይ ተወለዱ። እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት ተምረው በአጎታቸው ቶርኖ ቤት ስልክ እንዲያነሱ ተቀጠሩ። ክራንክሻፍት፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን የሞተር ዘንግ፣ የሚሞርደው ሠራተኛ ሲለቅ ግን «ሰው እስኪገኝ» ብለው ማሽኑ ላይ ቆሙ፤ አርባ አራት ዓመት ሠሩበት።

በ1969 መካኒኩን አቶ ክላይቭ ማክራይን አግብተው ፖላንና ኒልን ወለዱ። አቶ ክላይቭ በዳትሰን ስፖርት መኪናቸው ተራራ መውጣት ይወዳደሩ ነበር፤ ሞተሩን የሚሠሩት ወይዘሮ ዴሊያ ነበሩ።

በ1979 ውድድሩ ሲደርስ ከብሪዝበን ይመጣሉ የተባሉት፣ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘውን ቢየላ የሚያስሩ አዳዲስ ቡሎኖች ዘገዩ። አክስታችን ወይዘሮ ዴሊያ አሮጌዎቹን መልሰው ገጠሙ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አንዱ ተበጠሰ፤ ቢየላው የሞተሩን ጎን ሰንጥቆ ወጣ፣ መኪናዋ በራሷ ዘይት ተንሸራታ ከዛፍ ጋር ተላተመች። የአቶ ክላይቭ ዳሌ ተሰበረ።

«አውቄ ነው አሮጌውን የገጠምኩት» አሏቸው ወይዘሮ ዴሊያ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ።

«የአዲሱ ቡሎን ካርቶን እንዳልመጣ እኔም አይቻለሁ። አብረን ነው የቸኮልነው» አሉ አቶ ክላይቭ።

ወይዘሮ ዴሊያ ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም። የሰው ክራንክሻፍት ይሞርዳሉ እንጂ አምስት ዓመት ሙሉ ሞተር አልገጠሙም።

በ1984 አቶ ክላይቭ እያነከሱ፣ ከተገለበጠ የናፍጣ መኪና የተፈታ ክራንክሻፍት በጋሪ ገፍተው መጡ። ፒስተኑን ይበልጥ ርቆ እንዲመላለስ ስለሚያደርገው ሞተሩን ከ2,400 ወደ 2,700 ሲሲ ያሳድገዋል፤ ጉልበት ለማግኘትም እንደ በፊቱ ያን ያህል ማስጮህ አያስፈልግም።

«ሌላ ሰው ይሥራልህ» አሉ ወይዘሮ ዴሊያ።

«ሌላ ሰው የሠራውን አልነዳም። ይሄን ሁሉ ብረት የገፋሁትም በር ላስደግፍበት አይደለም።»

ክራንክሻፍቱ ሦስት ሳምንት ጋሪው ላይ ከረመ። አንድ እሑድ ወይዘሮ ዴሊያ ከቅዳሴ መልስ መለኪያቸውን አውጥተው ለኩት። እንዳለ ቢገጠም ፒስተኑ አራት ሚሊሜትር ተኩል ያህል አልፎ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ይመታል። ስለዚህ ከቢየላው ጋር የሚታሰርበት የፒን ቀዳዳ ከፍ ያለ፣ አናቱ ዝቅ ብሎ የሚቀር ፒስተን አዘዙ፤ አዲስ ቡሎንም አዘዙ። ዕቃው አሥራ አራት ሳምንት ፈጀ፣ ሁለት ውድድር አለፈ። የክለቡ ሰዎች «ዴሊያ፣ ሞተር ነው ወይን ጠጅ የምታስቀምጪው?» እያሉ ቢቀልዱባቸውም አልቸኮሉም።

በውድድሩ ቀን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ብቻቸውን ቆሙ። መኪናዋ በወፍራምና በተረጋጋ ድምፅ አጠገባቸው አልፋ ወጣች። አቶ ክላይቭ አራተኛ ወጡ፤ ወርደውም ቁልፉን በወይዘሮ ዴሊያ እጅ አስቀመጡ። «ከርሞ አንቺ ንጂያት፤ እኔን ዳሌዬ አላስቀምጥ ብሎኛል።» አክስታችንም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነዷት።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ነሐሴ 14 ቀን 2023 በተወለዱ በ76 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት ለፖላ «ማሽኑን እንዳትሸጪው፤ ገና ብዙ ይሠራል» ብለዋታል። ፖላም የፊታችን ሰኞ ቶርኖ ቤቱን እንደምትከፍት ነግራናለች።

ባለቤታቸው አቶ ክላይቭ፣ ሁለት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ከእኛ ጋር አሉ። እግዚአብሔር ለእነርሱ ብርታቱን ይስጥልን፤ የአክስታችንንም ነፍስ በማያልቀው ብርሃኑ ያሳርፍልን።