ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረው ግራጫ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጠዋት ላውንደሪው በር ላይ ሰው ሞልቶ ጠበቀን። አባዬ ካውያው ጋ፣ እኔ ባንኮኒው ጋ፣ ወንድሜ... የትም። ረፋዱ ላይ ብቅ አለ፣ ሸሚዙን አንጠልጥሎ።

"አባዬ፣ ይቺን ቶሎ ተኩስልኝ።"

"ተራዋን ትጠብቅ።"

"ልጅህ እኮ ነኝ!"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው እስካሁን ያላባረርኩህ።"

ደንበኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ሸሚዟም ከመስቀያው ብረት ጫፍ ተሰቀለች። አባዬ የገዛ ልብሱንም ቢሆን እዚያው ጫፍ ላይ ነው ተራ የሚያስይዘው።

ማምሻውን እንደ ልማዱ ጥቂት የደንበኛ ልብስ ታቅፎ ቤት ገባ። ታጥበው ተተኩሰው ያለቁ ናቸው። ግን አንዲት ቁልፍ ላላ ካለች ሳይሰፋት አያስረክብም። ዜና እያየ ይሰፋል። ከዚያ እንዳይጨማደዱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከራሱ ልብስ ጎን። እማዬ በየቀኑ "ይሄ ቁም ሳጥን የኔ ነው የሕዝብ?" ትላለች። ለደንበኞቹ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ንገራቸውና ያመስግኑህ እንጂ አልኩት። "ቁልፉ ሳይወድቅ በምን ያመሰግኑኛል?" አለኝ። ከዚህ ሰውዬ ጋር ክርክር... ይቅር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

አባዬ የለም። እጄ አልጽፍም ይላል።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ካውያው አጠገብ ነው የወደቀው። ሐኪሙ "ልቡ ነው፤ አልተሰቃየም" አለን። ካውያውን ግን ከሚተኩሰው ሸሚዝ ላይ አንስቶት ነበር። እንዴት ቻለ? የማን ሸሚዝ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሳይቃጠል ተርፏል።

እማዬ "ግራጫውን ሙሉ ልብሱን አልብሱልኝ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ" አለች። ወንድሜ ከጎረቤታችን ጋር ሆኖ አለበሰው። እጅጌው ጣቶቹን ሸፈነ። ሱሪው ሁለቴ ታጠፈ። እማዬ አየችውና ጮኸች። "መቼ ነው እንዲህ ያለቀው? አጠገቤ እየተኛ! እንዴት አላየሁም?"

እኔስ? ቀኑን ሙሉ አብሬው የምውለው፣ ምን እያየሁ ነበር?

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ዛሬ ከፈትን። ካውያውን ወንድሜ ያዘው። ሳልለምነው! አባዬ ይሄን ሳያይ...

የመጣው ሁሉ ስለ እሱ ያወራል። በየቅጽል ስማቸው ብጠራቸው ይቀየሙኝ ነበር። አባዬ ስም ያላወጣለት ደንበኛ የለም እኮ። ጠባብ ሱሪ የሚወደው መምህር "ቧንቧው"፣ ረጅሙ የአውቶቡስ ሾፌር "ምሰሶው"። ለእኔም አለኝ፤ እዚህም ቢሆን አልጽፈውም።

ትንሽ ሆኜ በብስክሌት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ከፊት የታጠቡ ልብሶች፣ ከኋላ እኔ። "ሁላችሁም ሳትጨማደዱ ድረሱልኝ" ይል ነበር። "አንድ ካልሲ እንኳ ጠፍቶብኝ አያውቅም" ሲል ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ነው። ወንድሜ በልጅነቱ የደንበኛ ጃኬት ለብሶ መስታወት ፊት ሲንጎራደድ የያዘው ቀን ግን... እንደዚያ ሲቆጣ ሌላ ጊዜ አላየሁም። "የሰው ልብስ አደራ ነው! ለደቂቃም አይለበስም!" በሳምንቱ ከራሱ አሮጌ ኮት ጃኬት ሰፋለት። አንዱ እጅጌ አጠረ። ወንድሜ እስክትበጣጠስ ለበሳት።

እማዬ አትበላም። ሾርባ ሠርቼ አቀረብኩላት፣ እንዳለ ቀዘቀዘ። "ባሏ ሲያልቅ የማታይ ምን ዓይነት ሚስት ናት?" ትላለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ምሰሶው መጣ። በቀብሩም ነበር፤ ዛሬም እንደገና "ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ" አለኝ። ከዚያ እያፈረ ደረሰኙን አወጣ። ግራጫ ሙሉ ልብስ። ልጁን ሊድር ነው።

ብረቱን ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩ። ያለው ግራጫ አንድ ብቻ፣ ጫፍ ላይ፣ ተራውን የሚጠብቅ። አውርጄ ዘረጋሁት። አጭር ነው። ወገቡ ሰፊ። ኪሱ ውስጥ የአባዬ መነጽር መጥረጊያ።

የአባዬ ልብስ እዚህ ከሆነ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረው የማን ነው? ቁልፍ ሊሰፋለት ቤት የወሰደው... ወይኔ ጉዴ! አባዬን የምሰሶውን ልብስ አልብሰን ቀበርነው!

"ነገ ይምጡ ጋሼ" አልኩት።

ወንድሜ ሲሰማ መጀመሪያ ነጣ። ከዚያ "አንድ ካልሲ ያልጠፋበትን ሰውዬ ሙሉ ልብስ አጠፋንለት" አለ። ለእማዬ እንንገራት ወይ? "አብደሻል? የሰው ልብስ ለብሶ ሄደ ብለን? ባለችበት ላይ ይሄ ሲጨመርባት ትሞትብናለች!" እውነቱን ነው። ትንፍሽ ላንል ተማማልን።

ዓርብ፣ ኅዳር 28

ምሰሶውን ወንበር ሰጥቼ ሳልሸፋፍን ነገርኩት። ቁልፉንም፣ ቁም ሳጥኑንም። አሁን ይጮህብኛል አልኩ።

"ልኩ ሆነለት?" አለኝ።

"ረዘመበት ጋሼ። ሱሪውን አጠፍነው።"

"ጎሽ። እንዳይጠልፈው።" ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አለቀሰ ስል... ይስቃል! ደግሞ እንባውን ይጠርጋል። "እኔ ደግሞ ቁልፌ የማይወድቀው ልብስ አያያዝ ስለማውቅበት ይመስለኝ ነበር!"

ሌላ እንተካልዎታለን አልኩት። በእጁ ከለከለኝ። "ይልቅ እናትሽ ያውቃሉ?"

"አታውቅም። እንዳትጎዳብን ብለን..."

ቆጣ አለ። "የምን መጎዳት! ከሳብኝ፣ አለቀብኝ እያሉ ሲያለቅሱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውዬው መቼ ከሳ? ልብሱ ነው የሰፋው! ሂጂና ንገሪያቸው!"

ምን ነክቶኝ ነው ይሄን ያላሰብኩት?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

የአባዬን ልብስ ይዤ ገባሁ። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ አደረግኩት። አገላበጠችው። የሱሪውን ወገብ ከውስጥ ስታይ እጇ ቆመ።

"ይሄ ስፌት የኔ ነው። ባለፈው ክረምት ጠበበኝ ብሎ ያሰፋሁለት።" ቀና ብላ አየችኝ። "ታዲያ ያኛው?"

ነገርኳት።

"የሰው ልብስ?" አለች። "እሱ?"

"እሱ።"

"እና አልከሳም?"

"አልከሳም እማዬ።"

"ወፍሮ ነበር እኮ! ዘንድሮ እንደገና ላሰፋለት ነበር!" ሱሪውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የዛሬው ለቅሶ ግን ሌላ ነው። መሃል ላይ ሳቅ ገባበት። "አሁን እዚያ ሆኖ ምን እያለን ይሆን?"

"ለደቂቃም አይለበስም!" አልኩ በአባዬ ድምፅ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። ሦስታችንም በሳቅ... ኧረ ጉድ ነው! ጎረቤት ምን ይለን ይሆን?

ማታ ያቀረብኩላትን ሾርባ ጨረሰች። "ጨምሪልኝ" አለች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20

ካውያው የወንድሜ ሆኗል። ሸሚዜን ይዤ ብሄድ "ተራዋን ትጠብቅ" አለኝ፣ ባለጌ! ደስ አለኝ።

እማዬም አሁን ላውንደሪው ነው የምትውለው። ለምሰሶው አዲስ ልብስ አሰፋችለት። እምቢ ቢል "የባሌን ስም ላጉድፍልዎት?" ብላ አፉን ዘጋችው። ዛሬ መጥቶ ለብሶ አየው። ልክክ አለ። እማዬ ዙሪያውን ዞራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳበች።

"ይቺ ላላ ብላለች። ሰኞ ይውሰዱት።"

"ለሠርጉ ይደርስልኛል?"

"ምን ማለትዎ ነው! እኛ ቤት ልብስ ጠፍቶ አያውቅም።"

ወንድሜን ሳል ያዘው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ምሰሶው ግን ፍንክች አላለም።

"እውነት ነው፤ አልጠፋም" አለ። "የት እንዳለ እናውቃለን።"

እማዬ ኮቱን ተቀብላ ታቅፋው ቤት ገባች።

አሁን ዜና እያየች ሰፍታ ጨረሰች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች።

"እማዬ!" አልኳት።

ሳቀችና ቁም ሳጥኑን መልሳ ዘግታ፣ ኮቱን ከውጭ በሩ ላይ ሰቀለችው።